«ሁሉም ሰላም ነው» ለሚል ቡድን

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ለገሃር አካባቢ ካለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። የክፍያ ሲስተም እንሠራለን። ቲም ሊድ ከሆንኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። ዘጠኝ ነን፤ አምስት ዴቨሎፐሮች፣ ሁለት ቴስተሮች፣ አንድ ዲዛይነርና እኔ። ከዴቨሎፐሮቹ አንዱ ሐዋሳ ሆኖ ነው የሚሠራው።

በየሁለት ሳምንቱ አርብ 10 ሰዓት ላይ ሬትሮስፔክቲቭ (ባጭሩ ሬትሮ)፣ ማለትም ያለፈውን ሥራችንን ቆም ብለን የምናይበት ስብሰባ፣ እናደርጋለን። «ምን ጥሩ ነበር? ምን ይሻሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሁሉም ሰላም ነው» ይሉኛል። ከዚያ ዝምታ። ሲኒየር ዴቨሎፐራችን ብቻውን ሃያ ደቂቃ ያወራል። ሌሎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። የክፍል ኃላፊያችንም ይገባሉ። ደብተራቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሐዋሳ ያለው ልጅ ኔትወርክ ይቆራረጥበትና መጨረሻ ላይ ይተወዋል። ከስብሰባው ወጥተን ታች ማኪያቶ ስንጠጣ ግን ሁሉም አፍ ያወጣል።

ባለፈው ደግሞ ቴስተራችን «ሁሌ ሐሙስ ማታ ነው ሥራ የምትወረውሩብን» ስትል አንዱ ዴቨሎፐር «ሥራሽ ስለከበደሽ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ በአንገት ሰላምታ ብቻ ሆነዋል። የስቴጂንግ ሰርቨሩ (ሥራው ለደንበኛ ከመውጣቱ በፊት የሚሞከርበት) ችግርም ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተረሳ። ሬትሮውን ልተወው? ወይስ ጨዋታ ነገር ልጨምርበት? ኃላፊዬ ደግሞ «ማን ምን እንዳለ ጽፈሽ ላኪልኝ» ይሉኛል። ልላክ?

ቲም ሊዷ፣ ከለገሃር

መልስ

ውድ እህቴ፣

አትተዪው። ጨዋታም ለጊዜው አትጨምሪበት።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር ያለው ማኪያቶው ላይ ነው። ልጆችሽ የሚሉት ነገር አላቸው። ለሥራውም ግድ አላቸው። ግድ ባይሰጣቸው ኖሮ ካፌ ወርደው ስለ ኳስ ነበር የሚያወሩት። ስለዚህ የማነቃቃት ጉዳይ የለብሽም። ላይ ስብሰባው ክፍል ውስጥ ዝም የሚያሰኛቸው አንድ ነገር አለ፣ ታች ካፌው ውስጥ ደግሞ የለም። እሱን እንፈልግ።

እኔ እንደማምነው ሰው ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሁለት ነገር ሲያይ ነው። አንደኛ፣ መናገሩ ዋጋ እንደማያስከፍለው። ሁለተኛ፣ መናገሩ አንድ ነገር እንደሚያስቀይር። እናንተ ጋ ሁለቱም የሉም። ሲናገሩ ኃላፊው ይጽፋሉ። ተናግረውም ሰርቨሩ እንደዚያው ነው። ታዲያ ማን ይናገራል? «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መቀመጥ ለእነሱ ትክክለኛ ስሌት ነው። አንቺ መቀየር ያለብሽ ስሌቱን ነው።

ዋጋው ከየት እንደመጣ ትንሽ ልቆይበት፤ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግርሽም። እዚህ አገር «ተቀምጠን ሥራችንን እንይ» የሚለው ነገር ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ሰው ተነሥቶ ድክመቱን ይናዘዛል። ባልደረባው ደግሞ ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ነጥብ ይይዛል። ከቡድንሽ ብዙዎቹ ይህን በአካል አላዩት ይሆናል። ግን አባትና እናታቸው ከሥራ ሲመለሱ የሚያወሩትን እየሰሙ ነው ያደጉት። አንቺ ቅን ሆነሽ «ምን ይሻሻል?» ስትዪ፣ ጥግ ላይ ደብተር የያዘ ኃላፊ ሲቀመጥ፣ ያ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ አብሮ ይገባል። ሲኒየሩ ፊት ጁኒየሩ አፉን ለመክፈት ይሉኝታ ይይዘዋል። በዚያ ላይ የደመወዝ ጭማሪ የሚወስኑት እነዚያው ኃላፊ ናቸው። ልጆቹ ፈሪዎች ናቸው አትበዪ። ያደጉበትን ያውቃሉ።

ሬትሮ ግን የተወለደው ከሌላ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ፣ 17 ሰዎች ተሰብስበው የአጃይል ማኒፌስቶን፣ ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሠሩና እያስተካከሉ ስለመሄድ የሚናገር መግለጫ፣ ጻፉ። ከ12ቱ መርሆች የመጨረሻው የሚለው ይህን ነው፦ ቡድኑ በየተወሰነ ጊዜ ቆም ብሎ እንዴት የበለጠ ውጤታማ እንደሚሆን ያስብ፣ ከዚያም አሠራሩን ያስተካክል። የሚያስበው ቡድኑ ነው። የሚያስተካክለውም ቡድኑ ነው። የሚገመገም ሰው የለም፣ የሚገመግምም የለም። በዚያው ዓመት ኖርማን ከርዝ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ለዚህ ዓይነቱ ስብሰባ አንድ መነሻ አስቀመጠ። የፈለገው ነገር ቢገኝ፣ እያንዳንዱ ሰው በወቅቱ በሚያውቀው፣ በችሎታው፣ በእጁ በነበረው ነገርና በነበረበት ሁኔታ የሚችለውን እንዳደረገ አምነን እንጀምር የሚል ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን በስብሰባው መክፈቻ ላይ ያነባሉ። አንቺም አንብቢው፣ ግን በአማርኛ፣ በራስሽ አፍ። በእንግሊዝኛ ሲነበብ እንደ ማስታወቂያ ያልፋል።

ይህ ለስላሳነት እንዳይመስልሽ። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስሕተት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ስሕተታቸው ስለበዛ አልነበረም። ስሕተታቸውን በግልጽ ስለሚነጋገሩበት ነበር። እናንተ የምትሠሩት የክፍያ ሲስተም ነው። ዝም የተባለ ነገር አንድ ቀን የሰው ገንዘብ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «ሁሉም ሰላም ነው» የሚለው መልስ ሊያሳስብሽ ይገባል፤ ስላሳሰበሽም ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ኃላፊሽ። ከሁሉ ከባዱ ይህ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። ሬትሮው ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። መጥፎ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ጭማሪ የሚወስን ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ እውነቱ ግማሹ ይቀራል፣ ማንም ይሁን። ይህን በስብሰባ መካከል ወይም በቴሌግራም አትንገሪያቸው። ብቻቸውን አግኝተሽ እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «የልጆቹን ችግር በትክክል ላመጣልዎት እፈልጋለሁ። እርስዎ ባሉበት ግን አክብረውዎት ዝም ይላሉ። ለሦስት ሬትሮ ያህል ለእኔ ይተዉልኝ። በየመጨረሻው የወሰንነውንና ከእርስዎ የምንፈልገውን ይዤ እመጣለሁ።» ውሸት የለበትም። እሳቸውንም አያሳጣም። የሚያገኙት ነገርም አለ፤ እስከ ዛሬ ደብተራቸው ላይ የገባው «ሁሉም ሰላም ነው» ብቻ ነውና።

እምቢ ቢሉስ? እንግዲያውስ ነጻ ውይይት እያደረግን ነው ብለሽ አታስመስዪ። ርዕሱን አጥብቢው። አንድ የአሠራር ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ ኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ማየቱ) ለምን ሁለት ቀን እንደሚፈጅ፣ ያዙና እሱን ተነጋገሩ። ኃላፊው መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ ለምኛቸው። ከቻልሽ ደግሞ ከራሳቸው በኩል የሚያቀሉት አንድ ነገር በአፋቸው እንዲናገሩ ጠይቂያቸው። አንድ ኃላፊ «እኔም በመሐል ሥራ እየጨመርኩ አስቸግሬያችኋለሁ» ቢል፣ አንቺ በስድስት ወር የማታመጪውን ለውጥ በአንድ ከሰዓት ያመጣል። ፕሮዳክት ኦነር (ምን ይሠራ፣ ምን ይቅደም የሚለውን የሚወስን ሰው) ካላችሁ ግን ይግባ፤ ስክረም በሚባለው የአጃይል አሠራር መመሪያ መሠረት የቡድኑ አካል ነው።

ቀጥሎ አከፋፈቱ። «ምን ጥሩ ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ። ባለፈው የወሰናችሁትን በማንበብ ጀምሪ። የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠሽ ታውቂ ይሆናል። መጀመሪያ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ድንኳኑ ይጠገናል ተብሎ ነበር፣ ተጠገነ ወይ? ካልተጠገነ ማን ነበር የተመደበው? አዲስ ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ የሶፍትዌር ቡድኖች ይህን አያደርጉም፤ ሬትሯቸው የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። የስቴጂንግ ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ሲረሳ ልጆቹ የተማሩት ነገር አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ መናገር ምንም አይለውጥም የሚል። ያንን ትምህርት በንግግር አታስረሺያቸውም። የምታስረሺው አንድ ነገር በእርግጥ ሲቀየር ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አዲስ ሬትሮሽ ሙሉ በሙሉ ስለ ስቴጂንግ ሰርቨሩ ይሁን። ሌላ ምንም አታንሺ። መቼ መቼ ቆመ? ስንት ሰዓት? ያን ጊዜ ማን ምን እየሠራ ነበር? ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ማነው፣ እናንተ ወይስ ሌላ ክፍል? በእጃችሁ ከሆነ አንድ ሰው መድቡ፣ ከሌላ ሥራው ላይ ቀንሱለት። በእጃችሁ ካልሆነ ለሁለት ሳምንት የቆመበትን ሰዓት መዝግቡና ኃላፊሽ ጋ ይዘሽ ግቢ። «ሰርቨሩ ያስቸግራል» ሲባል ማንም አይነቃነቅም። የቆመባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ የተስተጓጎለው ሥራም ዝርዝር አንድ ወረቀት ላይ ሲቀርብላቸው ግን ኃላፊው ከበላያቸው ላሉት የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ። ማስታወሻ ደብተሩም ለአንድ ነገር ዋለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር መጻፍ ነው። ከማውራት በፊት ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሰው ትናንሽ ወረቀት ስጪ። ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ሁሉም በዝምታ ይጻፍ፤ በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በመሰላቸው። ከዚያ አንቺ ሰብስበሽ፣ ደባልቀሽ፣ አንብቢው። ይህች ትንሽ ነገር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ጁኒየሩ ሲኒየሩን ሳይሰማ የራሱን ያስባል። «ይህን ማን አለ?» የሚለው ጥያቄም «ይህ እውነት ነው ወይ?» ወደሚለው ይዞራል። የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል ብለው ከፈሩ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ማን እንደሞላው በማይታይ የኦንላይን ፎርም ከአንድ ቀን በፊት ሰብስቢ። ወረቀቶቹ ከተነበቡ በኋላ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ ለጥፉ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነጥብ ስጪ። የፈለገበት ላይ ነጥቡን ያኑር። ብዙ ነጥብ ያገኘው ይወራል። ሌላው ይቆያል።

የሐዋሳው ልጅ ነገር ልቤን ነክቶታል። ስምንት ሰው አንድ ክፍል ተቀምጦ አንዱ ከስፒከር ውስጥ ድምፁ እየተቆራረጠ የሚሳተፍበት ስብሰባ ለእሱ ስብሰባ አይደለም። ወይ ሁላችሁም በየላፕቶፓችሁ በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ ጻፉ፣ ስምንታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ብትሆኑም። ወይ ደግሞ እሱ ሐሳቡን ቀድሞ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት በቴሌግራም ይላክልሽና የመጀመሪያው ተነባቢ የእሱ ይሁን። ኔትወርኩ ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉም ከአሁኑ ተስማሙ። ለምሳሌ ከውሳኔ በፊት አንድ ሰው ደውሎ «ይህ ላይ ደርሰናል፣ ምን ትላለህ?» ይበለው። የእሱ ድምፅ ሳይሰማ የተወሰነ ነገር በኋላ እሱ ላይ ሲጫን ተገቢ አይሆንም።

ወደ ጸቡ ልምጣ። ቴስተሯ ያለችው ነገር ስድብ አልነበረም፣ መረጃ ነበር። ሥራ ሐሙስ ማታ ይከመራል። ዴቨሎፐሩ የሰማው ግን «ሰነፎች ናችሁ» የሚለውን ነው። እንዲህ የሚሆነው ወሬው ከሰው ሲጀምር ነው። ከሥራው ጀምሩ። የሁለቱን ሳምንት ቀናት ሰሌዳው ላይ በተርታ ጻፊ። ከዚያ እያንዳንዱ ቲኬት (ሲስተሙ ላይ የተመዘገበ አንድ ሥራ) መቼ ተጀመረ፣ መቼ ሪቪው ገባ፣ መቼ ቴስት ደረሰ የሚለውን ከምትጠቀሙበት ሲስተም አውጥተሽ በየቀኑ ሥር አስቀምጪ። ይህን ከስብሰባው በፊት ጨርሺው። ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ራሱ ይናገራል። ምናልባት አምስቱም ዴቨሎፐሮች በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ቲኬት ከፍተው፣ ማንም አንዱን ሳይጨርስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ምናልባት ሪቪው የሚያደርገው ሲኒየሩ ብቻ ሆኖ ሁሉም ነገር እሱ በር ላይ ተሰልፏል። ምናልባት መስፈርቱ ረቡዕ ላይ ተቀይሯል። እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ሰሌዳው ግን ያሳያችኋል፣ ያኔ ቴስተሯና ዴቨሎፐሩ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ነገር ነው የሚያዩት።

አንድ ጥንቃቄ። «ለምን?»ን አምስት ጊዜ መጠየቅ የሚባል ዘዴ አለ። ከጃፓኑ ሳኪቺ ቶዮዳ የመጣና በቶዮታ ፋብሪካዎች የታወቀ ነው። ለማሽን ድንቅ ነው። ለሰው ሲጠየቅ ግን ምርመራ ይመስላል። «ለምን ዘገየህ?» ከተባለ ሰው ሰበብ ይፈልጋል። «ሥራው የት ቦታ ቆየ?» ብለሽ ጠይቂ። «ምን ቢኖርህ ይፈጥን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ስድብ ከተሰማ ደግሞ ወዲያው አቁሚው። በቁጣ ሳይሆን፣ «ስለ ሥራው እናውራ፣ ስለ ሰው ከሆነ ለብቻ እንነጋገራለን» በዪ። አንዴ ዝም ብለሽ ካሳለፍሽው ልጆቹ የክፍሉን ሕግ ከዝምታሽ ይማራሉ።

የሁለቱን ኩርፊያ ግን ሬትሮ ላይ አትፍቺው። ሰው ፊት ይቅርታ መጠያየቅ ያን የድሮውን ግምገማ ይመስላል። ዴቨሎፐሩን ለብቻ አግኚው። የተናገረው ነገር ትክክል እንዳልነበረ በግልጽ ንገሪው፣ አታለዝቢው። እሷንም ለብቻ አግኝተሽ «ያልሽው ነገር ትክክለኛ ነበር፣ ሰሌዳው ላይ አይተነዋል» በያት። ከዚያ ሁለቱን ቡና ጋብዢ። ቀሪውን እነሱ ያውቃሉ።

ሲኒየሩ ሃያ ደቂቃ የሚያወራው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ክፍሉ ስለሚጨንቀው ነው። ሁሉም ዝም ሲል አንድ ሰው መሙላት አለበት። አክብረሽ አማክሪው። «አንተ ቀድመህ ከተናገርክ ልጆቹ የአንተን ይደግማሉ። መጨረሻ ላይ ብትናገር የእነሱንም የአንተንም እናገኛለን» ብትዪው የሚቀየም አይመስለኝም። ከሁለት ከሦስት ጊዜ በኋላ ደግሞ ስብሰባውን እሱ ይምራው። የሚመራ ሰው ብዙ ማውራት አይችልም። ከዚያ በየተራ ሁሉም ይምሩት። አንቺም አንዳንዴ እንደ አንድ አባል ተቀምጠሽ ሐሳብሽን ጻፊ።

ውሳኔ ላይ ስስት ይኑርሽ። አንድ። ቢበዛ ሁለት። አሥር ነገር የወሰነ ቡድን ምንም አልወሰነም። ውሳኔው ደግሞ «ኮሙኒኬሽን እናሻሽል» ዓይነት ከሆነ ቀዳችሁ ጣሉት፤ ነገ ጠዋት ምን እንደሚደረግ አይነግርም። ለሐሙስ ማታው ችግር ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ቲኬት በላይ አይከፍትም።» ወይም፦ «ዴቨሎፐሩ ቲኬት ሲጀምር ከቴስተሯ ጋር 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ምን እንደሚፈተን ይስማማሉ።» ይህ የሚታይ ነገር ነው። ተደረገ ወይም አልተደረገም። ሙከራ ነው በዪ፤ ሁለት ሳምንት ሞክረን ካልሠራ እንጥለዋለን። ሰው ለዘላለም የሚታሰር ካልመሰለው ቶሎ ይስማማል። ውሳኔው ስምና ቀን ይኑረው፤ በቲኬት መልክም ከሌላው ሥራ ጋር ስፕሪንቱ (የሁለት ሳምንቱ የሥራ ዙር) ውስጥ ይግባ። ጊዜ ያልተሰጠው ማሻሻያ ምኞት ነው።

በእጃችሁ ያልሆነውን ነገር ቶሎ እለፉት። መብራት ይጠፋል። ኢንተርኔት ይቆማል። የኮሪደር ልማቱ ቢሮ መምጫውን ያስረዝመዋል። ይህን አንስቶ መብሰልሰል ለአምስት ደቂቃ ያሳርፋል፣ ሰዓቱን ሁሉ ግን ይበላል። «መብራት በጠፋ ቀን እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» ወደሚለው አዙሪው። ሰርቨር ሳያስፈልግ ሲስተሙን በየላፕቶፑ ላይ ማስነሣት ከተቻለ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ስለ ጊዜው። አርብ 10 ሰዓት አይሆንም። የሁሉም ልብ የታክሲ ሰልፉ ላይ ነው። አርብ ቀትር ደግሞ ጁምዓ የሚሰግዱ ልጆች ይኖሩሻል። ስፕሪንቱ ረቡዕ ይዘጋና ሬትሮው ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሁን። አርብ ይዘጋ የሚል ሕግ የለም። ቀን መቀየር ብቻውን ግን የሐሙስ ማታውን ጣጣ ወደ ማክሰኞ ማታ ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ ሰሌዳውን አትርሺው። የስክረም መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት ቢበዛ 3 ሰዓት ይላል። ለሁለት ሳምንት አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃችኋል። በሰዓቱ ጀምሪ፣ ሰው ባይሟላም። በሰዓቱ ጨርሺ፣ ወሬው ቢጥምም። ቡና ይኑር፣ ከተቻለ ቆሎ ወይም ዳቦ። ጾም ሲሆን የሚጾሙትን አስቢ፣ ረመዳን ላይ ደግሞ መስተንግዶውን ተዪው።

ጨዋታውን ስለጠየቅሽ፦ የመርከብ ሥዕል ሥሎ ነፋሱና መልሕቁ ምንድን ነው ማለት አለ። እንጀምር፣ እናቁም፣ እንቀጥል በሚል መክፈል አለ። ጥሩ ናቸው። ከአራትና አምስት ሬትሮ በኋላ ጥያቄው ሲሰለች ቀያይሪባቸው። ዋጋ እየከፈለ ለሚናገር ሰው ግን መርከብ አይጠቅመውም።

ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም ደንበኞች በሚጠቀሙበት ሲስተም ላይ፣ ትልቅ ነገር ከተበላሸ ሬትሮውን አትጠብቂ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ለብቻው ተቀመጡበት፣ ሎጉን (ሲስተሙ ራሱ የመዘገበውን) ይዛችሁ፣ ትዝታ ሳይደበዝዝ። መነሻው ያው የከርዝ ነው፤ ማን ሳይሆን ምን።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ሪፖርቱ ነው። ማን ምን እንዳለ አትላኪ። ይህ ላይ ጠንክሪ። አንድ ጊዜ የአንዱ ልጅ ንግግር በስሙ ወደ ላይ ከሄደ ሌላ ሬትሮ አይኖርሽም፤ ክፍሉ ይሞላል፣ አፉ ግን ይዘጋል። ለኃላፊው ሦስት መስመር ላኪ፦ የወሰንነው፣ የሚሠራው ሰውና ቀኑ፣ ከእርስዎ የምንፈልገው። ይህንንም ለቡድኑ አስቀድመሽ አሳዪ። «የሚወጣው ይህ ብቻ ነው» በያቸው፤ ከመላክሽ በፊት ሁሉም ያንብበው። የሰሌዳውን ፎቶ በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማንም አይለጥፍ። ወረቀቶቹን ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ እዚያው፣ ፊታቸው ቅደጃቸው።